ካምቢዮውን የሰበረው ማን ነው?

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው የመሥሪያ ቤታችን ፒካፕ እኔ ስነዳው የደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ካምቢዮው የተሰበረ ዕለት ነው። “የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ሲንቀጠቀጥ ከርሟል፤ አስጠግኑት ብዬ ነበር” ብል የሚሰማኝ አጣሁ። አለቃዬ ጋሼ ታደሰ “መንዳት ስለማይችል ነው” ብለው መሰከሩብኝና የምህንድስና ዲግሪዬን ይዤ ተባረርኩ።

ባለፈው እሑድ ሸዋ ሮቢት፣ የናፍጣ ፒካፕ ያለን ሰዎች እንደ ልማዳችን ማንጎ ጥላ ሥር ተሰብስበናል። ጋሼ ታደሰም ጡረታ ወጥተው፣ ፒካፕ ገዝተው ከእኛው ጋር ናቸው። የሽንኩርት ነጋዴው ሐጂ ኑሩ “መኪናዬ ፍጥነት ሲጨምር ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። አሁንማ ካምቢዮውም መጮህ ጀምሯል። ወላሂ ሾፌሬን ላባርረው ነው” አሉ።

ጋሼ ታደሰ ሳቁ። “ሐጂ፣ ልጁ ምን አጠፋ? የዘንጉ መጋጠሚያ አልቆ ነው። እሱ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ካምቢዮውን ይበላዋል። በዚህ ሰው ይባረራል እንዴ?”

ተነሥቼ ፊታቸው ቆምኩ። “ጋሼ፣ ያኔ እኔ ያልኩዎት ይኼንኑ አልነበረም?”

“ያለፈ ነገር አታንሳ፤ ይልቅ ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ” አሉኝ።

አልተቀመጥኩም። “ይቀዝቅዝ። ለሐጂ ሾፌር ያወቁትን ለእኔ ሲሆን ለምን ካዱ? እነዚህ ሰዎች ፊት ይመልሱልኝ።”