የጋሼ ምስማር የመጨረሻ ምርመራ

ዛሬ አፈር ልናለብሳቸው የተሰበሰብንላቸው ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱት ከስልሳ አንድ ዓመት በፊት ሲሆን፣ አባታቸው ከጣሪያ ወድቀው በሞቱ ጊዜ ገና አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። እናታቸውም ብዙ ሳይቆዩ ስለ ተከተሏቸው፣ አራስ የነበረችውን ታናሽ እህታቸውን፣ ይህን የምታነብላችሁን፣ እያዘሉ አሳደጉ፤ በአባታቸው መዶሻና መጋዝ እየሠሩም ሕግ ተምረው ተመረቁ።

ከዚያም ነጋዴዎች ተወዳዳሪ መስለው በስውር የሚመሳጠሩበትን ወንጀል በሚመረምር መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት አገለገሉ። ከወንበራቸው ስለማይነቃነቁ ባልደረቦቻቸው «ጋሼ ምስማር» ሲሏቸው፣ እርሳቸው ደግሞ ምስማር መኖሩ የሚታወቀው ሲቀመጡበት ነው እያሉ ያስቋቸው ነበር። በዚያው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ለሆስፒታሎች ኦክስጅን የሚያቀርቡ አራት ድርጅቶች ጨረታውን በተራ እየተቀባበሉ ዋጋውን ሰማይ ሲያደርሱት፣ ሲሊንደር የታጣላቸው ሕሙማን ፊታቸው እየጠቆረ፣ አንሶላ እየቧጠጡ ሞቱ። ጋሼ ምስማር አራቱን የጨረታ ሰነዶች አነባብረው ወደ መስኮቱ ብርሃን ቢያነሷቸው የማያያዣ ቀዳዳዎቹ ልክ ለልክ ገጠሙ፤ የታችኛው ቀዳዳ በሁሉም ላይ ወደ ጎን ያፈነገጠና ጠርዙ የተቦጨቀ ነበር። ተፎካካሪ ነን ባዮቹ ወረቀታቸውን የበሱት በአንድ መብሻ ነበር። መብሻው የነበረው ከአራቱ በአንዱ ድርጅት ጸሐፊ በሆነችው በእህታቸው ጠረጴዛ ላይ ሲሆን፣ አራቱንም በአለቃዋ ትእዛዝ የበሳችው እርሷው ናት።

ምርመራው እንደ ተሰማ ውሻቸው ታርዶ በራፋቸው ላይ ተሰቀለ። ቀጥሎም ሁለት ሰዎች የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ጠብቀው የቀኝ እጃቸውን ጣቶች አንድ በአንድ በመዶሻ ሰበሩባቸው። እርሳቸው ግን በግራቸው መጻፍ ተለማምደው፣ ጽሕፈቴ እንደሆነ ድሮም አይነበብም እያሉ ሥራቸውን ቀጠሉ። እህታቸውን ስለ መብሻው ሲጠይቋት ግን አላውቅም አለቻቸው፤ እስር ፈርታም መጠየቋን ለአለቃዋ ነገረች። እርሱም ፈገግ ብሎ ወንድሟ በየት በኩል ወደ ቤት እንደሚገቡ ሲጠይቃት፣ በልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ብላ መለሰች፤ ቢበዛ ያስፈራሯቸዋል ብላም ራሷን አታለለች።

በማግስቱ ሦስት ሰዎች እዚያው መንገድ ላይ በብረት ዘንግ የጋሼ ምስማርን ጭንቅላት ፈለጡት፤ ከወደቁም በኋላ ጎድናቸውን እየረገጡ ሰባበሩት። ልብስ ሰፊዎቹ ደርሰው ቁስሉን በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ ደም በደም ሆነው ሆስፒታል አደረሷቸው።

በዘጠነኛው ቀን እህታቸው ከአልጋቸው ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ስትናዘዝ፣ እንደ ልጅነቷ ፀጉሯን ደባበሷትና፣ «ወንድምሽ ይቅር ብሎሻል፤ መርማሪው ግን ቃልሽን ይፈልጋል» አሏት። ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

ባለቤታቸው የእህታቸውን ኑዛዜ ሲሰሙ በጥፊ መቷት፤ ቆይተውም፣ «የሕይወት ታሪኩን የምታነቢው አንቺው ነሽ፤ አንዲት ነገር እንዳትዘዪ» አሏት።

ጋሼ ምስማር ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና ትናንት ቃሏን ሰጥታ የፈረመች አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። አለቃዋ ዛሬ ጠዋት ተይዟል፤ እርሷም ንባቡን ስታበቃ በር ላይ ከቆሙት ሁለት ፖሊሶች ጋር ትሄዳለች። ቂም ያልቋጠረችውን የወንድማችንን ነፍስ አምላክ በሰላም ያሳርፍልን፤ አየር አጥተው ያለቁትንም ከጎናቸው ያኑርልን።