አቶ ኦይገንና ስቴሽን ዋገኑ

አቶ ኦይገን ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን ልስተካከል ብለው ከቤት ወጡና በቀጥታ ወደ መኪና መሸጫው ግቢ ሄዱ። ምራታቸው ጉድሩን ደግሞ ዳቦ ልግዛ ብላ ነበር የወጣችው። ሁለቱ በአንዲት ጥቁር አውቶሞቢልና በአንድ ረጅም ስቴሽን ዋገን መሃል ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ፣ እሳቸው ያልተነካውን ፀጉራቸውን ዳበስ አደረጉ፤ እሷም ባዶ ዘንቢሏን ወደ ኋላዋ ሸሸግ አደረገች።

"ፀጉር ቤቱ እዚህ ተዛወረ እንዴ አባባ?" አለች ጉድሩን።

"ዳቦ ቤቱ ከተዛወረ እሱ ለምን ይቀራል?" አሉ አቶ ኦይገን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ በጀርመን አገር፣ በኔካር ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ታች አቶ ኦይገንና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮዝሌ፣ ፎቅ ላይ ወንድ ልጃቸውና ጉድሩን ከመንታ ሕፃናቶቻቸው ጋር። መኪናው ግን አንድ ነው፤ እሱም አርጅቶ ሊሸኝ ነው። በምን ይተካ በሚለው ላይ አማትና ምራት፣ እሳቸው አውቶሞቢል፣ እሷ ከኋላው ዕቃ መጫኛው የሰፋ ስቴሽን ዋገን እያሉ፣ ለሦስት ሳምንት እራት እየቀዘቀዘባቸው ተከራክረዋል። ጉድሩን የሒሳብ አስተማሪ ናት። የተማረ ሰው ሲከራከር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ማስረጃ ይጨምራል እንጂ። አቶ ኦይገንን የሚያናድዳቸውም ይኸው ነበር።

በእሳቸው ላይ ለመፍረድ ግን አልቸኩልም። አቶ ኦይገን አርባ ዓመት ቀለም ቀቢ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ እንደገና ስትሠራ፣ መሰላልና የቀለም ጣሳ በእጅ ጋሪ ጭነው ዳገቱን ይገፉ ነበር። ሌላው ሰው እሁድ በሚያብረቀርቅ አውቶሞቢል ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ፣ እሳቸው ኖራ የገባበትን ጥፍራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ደብቀው በእግራቸው ይመጡ ነበር። በኋላ እሳቸውም አውቶሞቢል ገዙ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም እያጠቡ መንገደኛው ፊቱን እስኪያይበት ድረስ ይወለውሉት ነበር። በላቡ የኖረ ሰው ቢኮራ ያምርበታል። አቶ ኦይገን የተሳሳቱት ኩራታቸውን ያስቀመጡበትን ቦታ ነው።

"እኔ የምልሽ ልጄ" አሉ፣ የጥቁሯን አውቶሞቢል ጣሪያ በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ "ስቴሽን ዋገን የቧንቧ ሠራተኛ መኪና ነው፤ የዳቦ ጋጋሪ መኪና ነው። እሱን ይዤ እሁድ አደባባዩ ላይ ብቆም፣ ኦይገን ዛሬም ዕቃ ሊጭን መጣ ነው የሚሉኝ። ጋሪ የገፋሁት ይበቃኛል።"

"ጋሪ መግፋትዎ ያሳፍርዎታል እንዴ?"

"አያሳፍረኝም። ግን ጡረታ ወጥቻለሁ።"

"እማማስ? እሳቸውም ጡረታ ወጡ?"

አቶ ኦይገን የአውቶሞቢሏን ጣሪያ መዳበሳቸውን ተዉ። ወይዘሮ ሮዝሌ እግሮቻቸው ከከዷቸው ወዲህ፣ ዊልቸር ላይ ከዋሉ ሁለት ክረምት አልፏል። የአሮጌው አውቶሞቢል የኋላ ዕቃ መጫኛ ዊልቸሩን አልችል ስላለ፣ ከአትክልቱ አጥር አልፈው አያውቁም። ሰው ሲጠይቅ አቶ ኦይገን "ሮዝሌ ብርድ አትወድም" ይላሉ፤ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ወር እንኳ መልሳቸው ይኸው ነው።

"ቆጣ እንዳይሉ እንጂ አንድ ነገር ልበልዎ" አለች ጉድሩን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሰው ምን ይለናል ብለው ለመኪናው ይጨነቃሉ። እማማን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያያቸው ሰው የለም። እኔን የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።"

አባባሏ ልባቸውን ነካው። ምናልባት ተቆጥተው ጥለዋት ይሄዱ ነበር፤ ነገር ግን በዚሁ መሃል ሻጩ ፈገግታውን ይዞ ደረሰ። ስለ ረጅሙ ስቴሽን ዋገን ማውራት ጀመረ፦ በግቢው ውስጥ ከእሱ የሚሰፋ የለም፣ የማይውጠው ነገር የለም እያለ አሞገሰው። ጉድሩንም ሻጩ በሰጣት መግለጫ ወረቀት ላይ ያለውን ስፋት አንብባ እውነቱን ነው አለች።

አቶ ኦይገን ጎንበስ ብለው በተከፈተው የኋላ በር ወደ ውስጥ አዩ። አርባ ዓመት ዕቃ የጫነ ዓይን ወረቀት አያነብም። እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ታጣፊ የእንጨት ሜትራቸውን አወጡ።

"ወረቀቱ የለካው ከላይ ነው" አሉ። "ዕቃ የሚተኛው ግን ከታች ነው። ጎማውን የሚሸፍነው ጉብታ ከግራም ከቀኝም ገብቶበታል። በሁለቱ ጉብታዎች መሃል የቀረው ሰማንያ ስምንት ሳንቲሜትር ነው። አይገባም።"

ሻጩ ምኑ እንደማይገባ ጠየቀ። አቶ ኦይገን ግን ወደ ሁለተኛው ስቴሽን ዋገን አልፈው ነበር። የሁለተኛው ስፋት ደህና ነው፤ ነገር ግን የመጫኛው አፍ ከፍ ያለ ነው። ከባድ ዕቃ እዚያ ድረስ በየቀኑ የሚያነሳ ሰው በስድስት ወሩ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል አሉ። ሦስተኛው ብዙም ዓይን የማይገባ፣ ሰማያዊ፣ ከሁሉም አጠር ያለ ነበር። ወለሉ ከአፉ ጋር እኩል ነው፤ አፉም ከጉልበት ብዙ አይርቅም። አቶ ኦይገን በጉልበታቸው ተንበርክከው ለኩት፤ ደግመውም ለኩት።

"መቶ ሁለት" አሉ ቀስ ብለው። "ዘጠና ሁለቱ ይተኛል። የመንታዎቹ ጋሪም ከበላዩ ሳይጫን ከኋላው ይቆማል።"

ጉድሩን ወረቀቷን አጠፈች። "ዘጠና ሁለት ምንድን ነው አባባ?"

"የሮዝሌ ወንበር ነው፤ ሲታጠፍ።"

"እኔ እንኳ አልለካሁትም። እርስዎ መቼ ለኩት?"

አቶ ኦይገን ሜትሩን አጣጠፉ።

"ቤት ውስጥ ሰው በማይኖርበት ጊዜ" አሉ። "ጋራዡን ዘግቼ ስንቴ እንደለካሁ አትጠይቂኝ። በአግድም ሞከርኩት፣ በቁመት ሞከርኩት፣ ጎማውን ፈትቼም ሞከርኩት። አልገባ ሲለኝ ብርድ አትወድም አልኩ። ጣሪያው ላይ እንደ መሰላል በገመድ ልሰራት አልቻልኩም።"

ጉድሩን መልስ ነበራት፤ አስተማሪ መልስ አያጣም። ግን አማቷን በክንዳቸው ይዛ ከተንበረከኩበት አነሳቻቸውና "መኪናውን የመረጡት እርስዎ ነዎት" አለች። እውነቷን ነበር። የእሷ ትምህርት ስቴሽን ዋገን እንደሚያስፈልግ አሳይቷል፤ የትኛው እንደሆነ የለየው ግን የቀለም ቀቢው ዓይን ነው። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ከግቢው የሚወጣው ወይ ጥቁሯ አውቶሞቢል ወይ ሰማንያ ስምንቱ ነበር።

መኪናው በተገዛ በሦስተኛው እሁድ አቶ ኦይገን ሰማያዊውን መኪና ጥግ ፈልገው አላቆሙትም። አደባባዩ መሃል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትይዩ ገተሩት። የኋላውን በር ከፍተው ዊልቸሩን ሳብ ሲያደርጉት ሳይንገጫገጭ ወጣ። ወይዘሮ ሮዝሌን አቅፈው አስቀመጧቸው። ጡረተኛው የፖስታ ቤት ጸሐፊ ጎትሎብ ጠጋ ብሎ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ ቃኘው።

"ኦይገን፣ የሥራ መኪና ገዛህ አሉ።"

"አዎ፣ የሥራ መኪና ነው" አሉ አቶ ኦይገን፣ አደባባዩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። "ሥራዬ ደግሞ ይቺት፣ ሮዝሌ። መኪና ስትገዛ ጎትሎብ፣ የሚያብረቀርቀውን ተወው። መጀመሪያ ቤትህ ውስጥ ማን እንደቀረ ቁጠር። ከዚያ እሱን ወይም እሷን የሚያስቀራቸው ነገር ምን ያህል እንደሚሰፋ ለካ። ስትለካም ከታች ነው፣ በጎማዎቹ ጉብታ መሃል። አፉ ከጉልበትህ እንዳይርቅ፤ ነገ አንተም ታረጃለህ። ሕፃናቱ፣ ጋሪያቸው፣ ወንበሩ፣ ሽማግሌው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሄዳል፤ ማንም ቤት ጠባቂ ሆኖ አይቀርም።"

የቆሙት ሰዎች አራት አምስት ሆኑ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ጉብታውን በስንዝር ይለካ ጀመር። አቶ ኦይገን ሌላም ሊያስረዱ ነበር፤ ወይዘሮ ሮዝሌ ግን "መዝሙሩ ሊያመልጠኝ ነው፤ አስገባኝ" አሏቸው።

ቅዳሴው አልቆ ሲወጡ ሰው ሁሉ የወይዘሮ ሮዝሌን እጅ ሊጨብጥ ተሰለፈ። አቶ ኦይገን ዳር ቆመው ሲያዩ ደረታቸው ሞላ፤ በሕይወታቸው እንዲያ ኮርተው አያውቁም። መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩን ካስነሡ በኋላ፣ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዙ።

"የት ልትወስደኝ ነው?" አሉ ወይዘሮ ሮዝሌ።

"ቤት ነዋ። አልደከመሽም?"

"ቤትን ሁለት ዓመት አየሁት" አሏቸው። "ንዳው። ሲበቃኝ እነግርሃለሁ።"

አቶ ኦይገን መሪውን አዞሩ። መሽቶ መብራት እስኪበራ ድረስ ወይዘሮ ሮዝሌ በቃኝ አላሏቸውም።