የልብስ ሰፊው ቁርጭምጭሚት

ለሚመለከተው ሁሉ! ዛሬ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ በደረጃው የመጨረሻ እርከን ላይ፣ የልብስ ሰፊው ሽማግሌ ቀኝ እግር ወለም ብሏል።

አዋጁን ያስነገሩት ባለእግሩ ራሳቸው ናቸው፤ የሰሙትም እሳቸው ብቻ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ክፍል ከስፌት መኪናው በቀር መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

በማግስቱ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ ወደ ሥራ ስትወርድ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው፤ አንድ ጫማቸውን ታቅፈዋል። በሁለት ዓመት ጉርብትና ከሰላምታ አልፈው አያውቁም።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ምንም። ጫማው ጠበበኝ።»

«በአንድ ሌሊት?»

«ዘንድሮ የማይጠብ ምን አለ ልጄ?»

ጎንበስ ብላ ሱሪያቸውን ገለጥ አደረገች። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። በቁራጭ ጨርቅ ጥፍር ተደርጎ በመታሰሩ ጣቶቹ ጠቁረዋል።

«ማነው እንዲህ ያሰረው?»

«አርባ ዓመት የሰፋሁት እኔ ነኛ! በፍል ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ በዘይት አሸሁት፣ እንዳይሰንፍም እስኪመሽ መኪናዬን ረገጥኩበት። እግር እንደ በቅሎ ነው፤ ካልነዱት ይለግማል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚሉት።»

«የአባትዎ እግር እንዴት ነበር?»

ሽማግሌው የታቀፉትን ጫማ አገላበጡ። «ያነክሱ ነበር።»

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጨርቁን ፈታች። አጥንቱን ከግራም ከቀኝም ጫን ጫን አድርጋ አየች፤ አራት እርምጃ አስራመደቻቸው። ጥርሳቸውን ነክሰው ተራመዱ።

«ተመስገን። አጥንቱ ላይ ክፉኛ ቢያምዎ ወይ አራቱን እርምጃ መራመድ ቢያቅትዎ ኖሮ ቀጥታ ወደ ራጅ ነበር የምንሄደው። ለመሆኑ ጋሼ፣ ስፌቱ የተተረተረ ኮት ቢመጣልዎ ግራና ቀኝ ይጎትቱታል?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«ታዲያ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ሲተረተር ለምን ያሹታል? ሁለት ሦስት ቀን ያሳርፉት። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ለሩብ ሰዓት ያህል፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያድርጉበት። ተጋድመው ከደረትዎ ከፍ አድርገው በትራስ ይደግፉት። የማስርልዎ ፋሻ ጣትዎን ካደነዘዘው ያላሉት። ሕመሙ ሲበርድ ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱታል።»

«በረዶውን ማን ያመጣልኛል?» አሉ፤ ወዲያው ቃሉ ስላመለጣቸው አፈሩ።

«እኔ። እስኪሽርልዎ ማታ ማታ ብቅ እላለሁ።»

ያን ማታ በሩ ሲንኳኳ፣ ሽማግሌው የሌላ ሰው በር መስሏቸው ከትራሳቸው ቀና አላሉም።

እብጠቱ ጎደለ። የማያምኑት ሽማግሌ ሰባኪ ወጣቸው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ሁሉ እየለኩ፣ «ወለም ያለ እግር እንዳታሽ!» ይሉታል። «አባቴ አሽተው ዕድሜ ልካቸውን አነከሱ፤ እኔ አሳርፌ ይኸው በሦስት ሳምንቴ መኪናዬን እረግጣለሁ። ባትህ አብጦ ትንፋሽ ካጠረህ ግን የረጋ ደም ሊሆን ይችላል ብላኛለች ነርሷ፤ በረዶም ትራስም አትበል፤ ሐኪም ቤት ሩጥ!»

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነርሷ ከመንገድ ማዶ አየቻቸው፤ ጥቅል ጨርቅ ተሸክመው ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ይወጡታል።

ማታ በሩን አንኳኳች። ሽማግሌው ተጋድመው፣ በፋሻ የታሰረ እግራቸውን ሦስት ትራስ ላይ ሰቅለው ያቃስታሉ። ሁለተኛው ወንበር እንደወትሮው ከአልጋው አጠገብ ተስቧል። ነርሷ ተቀመጠች፤ በረዶውንም በጨርቅ ጠቀለለች። ከዚያ ፋሻውን ትኩር ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ወለም ያለው ቀኙ አልነበረም? ይሄ እኮ ግራው ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሽሯል ብዬስ አልናገርም» አሉ።