ሌባውን «አንቱ» ያሉት ሃምሳ አለቃ

እሺ፣ ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደገፉ። ይህ አዳራሽ ለስብሰባ ስንጠራ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ አዛዣችን ቅር እንዳይላቸው እንጂ! ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ የጡረታ መሸኛዎ ነው፤ መልስ መስጠት ክልክል ነው። ዝም ብለው ያዳምጡ።

እዚህ ፖሊስ ጣቢያ የመጡበትን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነዋ። ከተቀጠርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ተረኛ ነኝ። ጠዋት አንድ ረጅም ሰው ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥለው ገቡ። ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ «ተራዎን ይጠብቁ» አልኩ። ሄደው ከባለጉዳዮቹ ጋር አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል! ጃንጥላዋ የጠፋባት ሴትዮ ገብታ ወጣች፤ ጎረቤቱ ሬዲዮ የሚያስጮህበትም ገብቶ ወጣ። ተራዎ ሲደርስ እስክሪብቶዬን አንስቼ «አቤቱታዎ ምንድን ነው?» አልኩ።

«አቤቱታ እንኳ የለኝም። ከጦሩ ተሰናብቼ እዚህ ተመድቤ ነው።»

«ታዲያ ምነው እስካሁን ዝም አሉ?»

«ተራህን ጠብቅ የተባለ ወታደር ተራውን ይጠብቃላ!»

ቆይተው ኢንስፔክተር ሆኑ፤ ግን ማን ኢንስፔክተር ብሎ ይጥራዎት? ከጦሩ ይዘውት የመጡት ማዕረግ ስም ሆኖ ተጣብቆብዎት ቀረ። የሱሪዎ መስመር ሽንኩርት ይከትፋል እየተባለ ሲወራ ሃያ አራት ዓመት ሞላ። በግቢያችን ሣር ላይ አቋርጠው አያውቁም፤ ሁሌ ዙሪያውን ነው የሚሄዱት። ሾፌራችን «ሣሩ ሲረገጥ ያመዋል እንዴ?» እያለ ሲያሾፍብዎት ስቀው ያልፉታል። ፈንጂ ሲያመክኑ የኖሩ ወታደር እንደነበሩ የነገሩን ባለቤትዎ ናቸው እንጂ እርስዎ ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

የፋርማሲውን ሌባስ ማን ይረሳዋል? ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ አገኘነው። ፊሽካዬን ልነፋ ስል እጄን ያዙኝና ቀና ብለው፣

«ጌታዬ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ መስታወቱ እንዳይቆርጥዎት» አሉት።

ሌባው ግራ ገባው። «እኔን ነው?»

«አዎ፣ እርስዎን ነው። ይቺን እግርዎን እዚህ ጋ ያሳርፏት።»

ወርዶ በሰላም እጁን ሰጠ። መኪና ውስጥ ጠጋ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሰውዬው ዘመዴ ናቸው እንዴ?»

ሳቁ፣ ሳቁ። አሁን ግን ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን አንድ ነገር ልናገር።

አንድ የመጋዘን ጠባቂ ዕቃ ሰርቀሃል ተብሎ መጣ። ምርመራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሰውየው «አልሰረቅኩም» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። ደሜ ፈላ፤ በጥፊ መታሁት። ልደግመው ስል እጄን አየር ላይ የያዘኝ ሰው ነበር። ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሰውየውን ከካቴናው ፈቱት፣ ውሃ በብርጭቆ አመጡለት፤ እኔን ኮሪደር አወጡኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ጭራሽ ዝቅ አለ።

«እኔ ተማርኬ አውቃለሁ» አሉኝ። «እጄን እንደታሰርኩ አንዱ ጠባቂ መታኝ። ሌላው ውሃ አጠጣኝ። የሁለቱም ፊት እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። አንተ በዚህ ሰውዬ ዓይን ውስጥ የትኛው ሆነህ መቅረት ትፈልጋለህ?»

የመታሁትን ራሴ በጽሑፍ ሪፖርት እንዳደርግ አደረጉኝ፤ ተቀጣሁም። በሦስተኛው ቀን ዕቃው ሌላ ቦታ ተገኘ። ሰውየው ንጹሕ ነበር። ቤቱ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ፤ በሚስቱና በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩ። ወዲያው ይቅር አላለኝም፤ ለምን ይበል? አንድ ዓመት ያህል መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን ግን ሰላም ይለኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን በታሰረ ሰው ላይ አላነሳሁም። እኔ ያሠለጠንኳቸው ወጣቶችም እንዳያነሱ ስለምን እንደምጨቀጭቃቸው ዛሬ ይወቁት። ሃምሳ አለቃ፣ የዚያን ቀን ዝም ብለው ቢያልፉ ኖሮ ዛሬ ምን ዓይነት ሰው እሆን እንደነበር ሳስበው ያስፈራኛል። አመሰግናለሁ። ይህችን ቃል ለማለት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

እትዬ፣ ባልዎን አስረክበንዎታል። «ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል ምን ላደርገው ነው?» ብለው ሲጨነቁ ሰምቻለሁ። አይጨነቁ፤ ሳሎኑን በፈረቃ ያስጠብቁት።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ! ሃምሳ አለቃ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት። እንቅልፍዎ የጠገበ፣ ጉልበትዎ የጠና ይሁን። ከእንግዲህ ስልክዎ በጮኸ ቁጥር የምትደውለው የልጅ ልጅዎ ትሁን። ለእርስዎ!