ጫማ የምትሰፋው ተማሪ

ባለፈው ጥቅምት ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ፣ በሚኒባሱ ውስጥ አቶ ላቀው ከሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አጠገብ ተቀመጥሁ። መምህር መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸውና የሆዳቸውን አጫወቱኝ። የልጅ ልጃቸው ትዕግሥት ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። ሰሞኑን አንድ ጎረቤታቸው ከተማ ወጥቶ ሲመለስ፣ ልጅቱ በትምህርት ቤቷ አጥር ሥር ተቀምጣ የመንገደኛ ጫማ ስትሰፋ እንዳያት ነገራቸው። እርሳቸውም ይዘዋት ሊመለሱ ተነሥተዋል።

«የቆዳ ሥራ በዘራችን የለም» አሉኝ። «በዚህ አኳኋን ከምትማር ብትቀር ይሻላል።»

እኔ የማስተምረው በሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ ሆኖም የትዕግሥትን ትምህርት ቤት የተማሪዎች ክበብ ሥራ በዝና አውቅ ነበርና፣ መጀመሪያ አይተው እንዲፈርዱ ለምኛቸው መንገዱን ላሳያቸው ተስማማሁ።

ዳገቱን ስንያያዘው፣ በግራ በቀኝ ቢጫ የሆነውን ገብስ ሲያዩ ቁጣቸው በረደ። በልጅነታቸው ጣራ ገዳም አካባቢ ከአንድ የኔታ ዘንድ ቅኔ ተምረዋል። የበግ ቆዳ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ የቆሙበትን፣ ውሻ ያባረራቸውን፣ አንዲት ቁራሽ ለጓደኛ ያካፈሉበትን ዘመን ሲያነሡ ድምፃቸው ለሰለሰ። ርሀብ የነበረበትን ያን ጊዜ እንደ ማር ሲያጣጥሙት ሰማሁ።

ስንደርስ፣ ትዕግሥት ከጓደኞቿ ጋር በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጣ ወስፌ ይዛለች። ትምህርቷ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት የሥራ ተራዋ ነበር። ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እርሳቸው ግን አልመረቋትም።

«የላክሁሽ ለዚህ ነው?» አሏት።

«የላኩኝ ልማር ነው አባባ። ይኸም ትምህርቴ ነው።»

ከዚያም ነገሩን በትሕትና አስረዳቻቸው። ከገጠር መጥተው ቤት የተከራዩ ልጆች ብዙ ናቸው። ከቤታቸው የሚያመጡት ስንቅ ቅዳሜ ሳይደርስ ያልቅና፣ ችግራቸውን ለሰው መናገር አፍረው ትምህርቱን ትተው ይመለሳሉ። ክበቡ በጫማ ጥገና በሚያገኘው ትርፍ ለነዚህ ልጆች ምሳ ያበላል። በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረ ተማሪ እስኪያሻሽል ድረስ ከሥራው ተራ ይወጣል።

«የተቸገረን መርዳት መልካም ነው» አሉ አቶ ላቀው። «ግን ለምኖም መርዳት ይቻላል። እኛ የኖርነው ለምነን ነው፤ አላፈርንበትም።»

«በእናንተ ጊዜ የለመነ ተማሪ ይከበር ነበር፤ ዛሬ ይናቃል። ለመሆኑ አባባ፣ ያን ደበሎዎን ማን ሰፋልዎ?»

«ማን ይሰፋልኛል? እኔው ነኝ እንጂ።»

«የኔታ መዝሙረ ዳዊት የጻፉበትን ብራናስ ማን ፋቀው?»



«ራሳቸው ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «ቆዳውን የምዘፈዝፍላቸው እኔ ነበርሁ።»

«ቆዳ መንካት ያን ጊዜ ካላዋረደ፣ ዛሬ ስለ ምን ያዋርዳል?»

አገራችንን ወደ ኋላ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ጫማውን የሚያደርገው ሰው ጫማውን የሰፋውን ይንቃል። አቶ ላቀው ግን ገና አልተረቱም። ገንዘብ የለመደ እጅ መጽሐፍ መግለጥ ይሰለቻል ብለው ሊከራከሩ ሲጀምሩ፣ ባዩ የሚባል የእህል ነጋዴ እየተቆጣ መጣ። ትዕግሥት የሰፋችለት ሶል ተከፍቶ ጫማው አፉን ከፍቷል። በሰው ፊት ብዙ ተናገራት።

እርሷ ግን አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ጫማውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ክሩን ሳላጠብቅ ቋጭቼዋለሁ። ይቀመጡ፣ አሁኑኑ ደግሜ እሰፋዋለሁ፤ ዋጋ የለውም።»

ነጋዴው ተቀመጠ። ጫማው ተሰፍቶለት ሲሄድ የልጆቹንም ጫማ እንደሚያመጣ ነገራት።

አቶ ላቀው ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ይቺ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ አትወጣም ነበር» አሉኝ። «እንዲህ ሰው ፊት መቆም ማን አስተማራት?»

«ሥራው ነው አባቴ» አልኋቸው። «ትርፉ ምሳው ብቻ አይደለም። ጥፋትን አምኖ ማረም፣ የተቆጣን ሰው ማብረድ፣ ጊዜን ለሥራና ለጥናት መክፈል፣ ያገኙትን ለጓደኛ ማካፈል በጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይለመድም። ትምህርቷን ጨርሳ መንግሥት እስኪቀጥራት እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። እናንተንም ለቅኔ ያበቃችሁ የኔታ የነገሯችሁ ብቻ አልነበረም፤ ደበሎ መስፋቱም፣ ደጅ መቆሙም ነበር።»

እኩለ ቀን ሲሆን ተማሪዎቹ ማዕዱን እንዲባርኩላቸው ለመኗቸውና ወደ ክበቡ ክፍል ገባን። ወንዶቹም ሴቶቹም ሽሮና እንጀራ ከበው፣ ስለ ፈተና እያወሩ፣ እየተሳሳቁ ይበላሉ። ሽማግሌው ባርከው ከተቀመጡ በኋላ እንጀራውን ሳይቆርሱ ልጆቹን ብዙ ጊዜ ተመለከቷቸው።

በመጨረሻም ትዕግሥትን አጠገባቸው አስቀምጠው ራሷን ዳበሱ። ሥራሽን ቀጥዪ፣ እናትሽን እኔ አስረዳታለሁ አሏት። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤

«አላፈርንም ያልሁት እውነት አይደለም። እኛ የለመንነውን ስንበላ ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞር ነበር። እነዚህ ፊት ለፊት ተያይተው ይበላሉ።»