ማግኔት የማይይዘው ድስት

ሳሪስ ላይ ከታክሲ እንደወረዱ ያ የሐምሌ ዝናብ ባይጥልባቸው ኖሮ፣ ሙሉአለም አባቷን ይዛ ወደዚያ ሱቅ አትገባም ነበር። እሷ ያሰበችው ራቅ ብሎ ወዳለ፣ ማንም ወደማያውቃቸው ሱቅ ነው። ሰው ሲያገኙ አባቷ ጨዋታ ይወዳሉ፤ ጨዋታው ሲረዝም ደግሞ የሚሆነውን እሷ ታውቃለች።

አባቷ አቶ ጀቤሳ አቃቂ በሰቃ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ውዳቂ አሉሚኒየም እያቀለጡ ድስት የሠሩ ሰው ናቸው። ያን ቀንም ከእጃቸው ሥራ አንዱን በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ነበር። «ምድጃ የሚገዛ ሰው ድስቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሳይለካ የሚገዛ ማን ነው?» ብለው።

ገላን ኮንዶሚኒየም ከደረሳቸው ዓመት ሊሞላ ነው። ቤቱ አልቆ የቀረው ማዕድ ቤቱ ብቻ ነበር። ባሏ ተክሌ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ በወር ሦስት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። እሷ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። የሦስት ዓመት ልጇን ሮዳስን ውለው የሚጠብቁት፣ ምሳዋንም የሚያሞቁላት አያቷ አቶ ጀቤሳ ናቸው። ስለዚህ ምድጃ መግዛት ለሌላው ሰው የዕቃ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለሙሉአለም ልጇን ከማን ጋር ትታ ሥራ እንደምትሄድ የመወሰን ጉዳይ ነበር።

ግንቦት ላይ ከሥራ ስትመለስ የኪራይ ቤታቸውን በጭስ ታፍኖ አገኘችው። ወጡ አርሮ፣ የድስቱ ቂጥ ተጣሞ ነበር። «መብራት ሄዶ ነበር» አሉ አባቷ። እውነታቸውን ነው፤ ሄዶ ነበር። ሲሄድ ስቶቩን ሳያጠፉ ጋደም አሉ፤ መብራቱ ሲመጣ ስቶቩም አብሮ ጋለ። ይህ በማን ቤት ያልደረሰ አለ ብላ ራሷን አጽናናች። ሰኔ ላይ ሲደገም ግን መብራት አልሄደም ነበር። ለተክሌ አልነገረችውም። ብትነግረው ወይ እሷ ሥራዋን ትለቃለች፣ ወይ አባቷ ደብረ ዘይት ወንድሟ ዘንድ ይላካሉ፤ ከሮዳስ ተለይተው ደግሞ አንድ ዓመት የሚቆዩ አይመስላትም። ከዚያ ወዲህ ፈረቃ ላይ ሆና መንገድ ላይ መኪና ጮኾ ባለፈ ቁጥር፣ ወደ እሷ ቤት የሚሄድ የእሳት አደጋ መኪና ይመስላት ጀመር።

«ጋሽ ጀቤሳ! እርስዎ ነዎት?» አለ ባለሱቁ፣ ከዝናቡ ሲገቡ።

ሀይረዲን ነው። በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ በሰቃ ገበያ ላይ ሸራ አንጥፎ የአቶ ጀቤሳን ድስት ይሸጥ የነበረው፣ አሁን ምድጃና ፍሪጅ የሚሸጠው ሀይረዲን።

«አንተ! ወፈርክ እኮ! ድስቴን ስትሸከም እንደ ሸንበቆ ቀጥነህ አልነበር?»

«ድስትዎን መሸከም ስተው ነዋ የወፈርኩት! ደግሞ ያከሰሩኝ እርስዎ ነዎት። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት የሸጥኩት ድስት እስከ ዛሬ አልተቀደደም፤ ሰዉ ተመልሶ ምን ሊገዛኝ ይምጣ?»

ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። አቶ ጀቤሳ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ባለቤትህ ሐጀራስ ደህና ናት?» አሉ።

የሀይረዲን ሳቅ ቆመ። «ሐጀራማ ባለፈው ረመዳን አረፈች፣ ጋሽ ጀቤሳ።»

«እኔን! እኔን ያስቀድመኝ!» ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሳልሰማ! እንጀራ ያበላችኝ ሴት!» ወንበር ሰጧቸው፤ ተቀምጠው ብዙ አለቀሱ።

ሲረጋጉ የሀይረዲን ልጅ ሰልዋ ቀረበች። ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ የተማረች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሦስት ዓይነት ምድጃ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ሁለቱን ከመብራት ጋር አገናኝታቸዋለች።

አቶ ጀቤሳ ጣታቸውን ወደ መጀመሪያው ቀሰሩ። «እኔ ነገር አላበዛም። ባለ ሲሊንደሩን ነው የምፈልገው። መብራት ሲሄድ አብሮ አይሄድ፤ እሳቱ ይታያል።»

«ልክ ነዎት ጋሽ ጀቤሳ፤ መብራት ሲጠፋ ጋዝን የሚያህል የለም» አለች ሰልዋ። «ግን ንፋስ እሳቱን ቢያጠፋው፣ ወይም ወጥ ቢገነፍልበት፣ ጋዙ መውጣቱን አይተውም። ቤቱ ሞልቶ ሳለ ክብሪት የጫረ ሰው...» የሙሉአለምን ፊት አይታ አቋረጠች።

«አፍንጫ አለኝ እኮ የኔ ልጅ።»

«ተኝተው ቢሆንስ?»

«ሰው እሳት ለኩሶ ይተኛል?»

ሙሉአለም ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ይሁን፤ ልጄ ጋዝ ትፈራለች» አሉ አባቷ ፊቷን አይተው። «ይሄ መስታወቱስ?»

«ይሄ ሴራሚክ ነው። ከመስታወቱ ሥር ሽቦ አለ፤ እሱ ሲግል መስታወቱ ይግላል። የማንንም ድስት ይቀበላል።»

«የእኔንም?»

«የእርስዎንም።»

አቶ ጀቤሳ ፌስታሉን ፈትተው ድስታቸውን አስቀመጡና መቆጣጠሪያውን ራሳቸው አዞሩት። መስታወቱ በድስቱ ዙሪያ ቀላ። ፊታቸው በራ። «አየሽ ሙሉ? ይሄ እሳት ነው! ፊቱን አይደብቅም!»

ሙሉአለም እሳቸው ሲደሰቱ ካየች ወራት አልፈው ነበርና «እንግዲህ ይሄው ይሁን» ልትል ከንፈሯን ከፈተች። ሰልዋ ቀደመቻት። «አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄኛው ካጠፉት በኋላ ቅላቱ ቶሎ ይሄዳል፤ ሙቀቱ ግን ብዙ ይቆያል። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ፣ በረደ ብላ እጇን ብታሳርፍበት ያቃጥላታል።» ቀጥላ ሦስተኛው ላይ ውኃ ያለበት የብረት ድስት አስቀመጠችና በጣቷ ነካ አደረገችው። ውኃው ወዲያው መንሾክሾክ ጀመረ። «ይሄ ኢንዳክሽን ይባላል። የሚያግለው ድስቱን ነው እንጂ እንደዚያኛው ራሱ አይግልም። ድስቱን ካነሱት ሥራውን ያቆማል። ግን ድስቱ ማግኔት የሚይዘው መሆን አለበት።»

«አምጪው ማግኔቱን» አሉ አቶ ጀቤሳ። በኮፍያቸው ይዘው ድስታቸውን ከሴራሚኩ ላይ አነሱት። ማግኔቱን ቂጡ ላይ ቢያስጠጉት ተንሸራቶ ወደቀ። ጎኑ ላይ ሞከሩ፤ ወደቀ። ክዳኑ ላይ ሞከሩ።

«አሉሚኒየም ስለሆነ ነው ጋሽ ጀቤሳ፤ ሥራው ጥፋት ኖሮበት አይደለም» አለች ሰልዋ።

«ገባኝ። የእኔን ድስት ድስት ነህ የማይል ምድጃ ነው።» ድስታቸውን ከነኮፍያው በሁለት እጃቸው አቅፈው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ።

መብራት የሄደው ያኔ ነው። ሱቁ ጨለም አለ፤ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሙሉአለም መብራት ሲሄድ ሁልጊዜ የምታደርገውን አደረገች፤ ዓይኗ ምድጃዎቹን ዞሮ ፈተሸ። የሴራሚኩ መቆጣጠሪያ አልተመለሰም። አባቷ እንዳዞሩት ነው። እጇን ዘረጋች። ጣቷ ሊነካው ሲል ቆም አለችና፣ አንድ ጊዜ እንኳ ራሳቸው ይዩት ብላ፣ እጇን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ሰልዋ አየቻት።

አቶ ጀቤሳ ክርክሩን አልለቀቁም። «እሳት የማይታይበት ምግብ ምግብ ይሆናል? እኔ አርባ ዓመት እሳት ፊት ቆሜአለሁ። ቀልጦ እንደ ውኃ የሚፈስ ብረት ይዤ አንድ ሰው አላቃጠልኩም።»

«አያቃጥሉም» አለች ሰልዋ። «የሚያቃጥለው መርሳት ነው፤ እሱ ደግሞ ሁላችንንም ያገኘናል። እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ካውያ ረስቼ ወጥቻለሁ። የሚረሳ ሰው ባለበት ቤት የማይረሳ ዕቃ ቢኖር ምን ይጎዳል?»

«እኔን ዝንጉ ሽማግሌ አስመሰልሽኝ እኮ!» ብለው ሳቁ። ልጅቷን በጨለማው ውስጥ አተኩረው አዩዋት። «ቁርጥ እናትሽን! ክርክሯም እንዲሁ ነው። ሐጀራስ፣ ደህና ናት?»

ሀይረዲን ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ሰልዋ ግን «ደህና ናት ጋሽ ጀቤሳ» አለች።

ወዲያው መብራት መጣ። ፍሪጆቹ ማጓራት ጀመሩ። የሰልዋ ኢንዳክሽን ውኃውን እንደ ተሸከመ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሴራሚኩ ግን ማንም ሳይነካው ባዶውን ቀላ።

«ይሄን ማን ለኮሰው?» አቶ ጀቤሳ ከወንበራቸው ተነሡ። «አንቺ ነሽ ልጄ? የተማርሽ ሆነሽ እንዲህ ያለ እሳት ባዶውን ትተዪያለሽ? ሕፃን ብትገባስ?»

ሰልዋ «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ» ልትል መሆኑ ገብቷት ሙሉአለም «ተዪ» በሚል ራሷን ነቀነቀችላት። አቶ ጀቤሳ የዞረውን መቆጣጠሪያ አዩ። ከዚያ ያቀፉትን ድስት። ሆዳቸው ላይ ገና ለብ እንዳለ ነው።

«እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ዛሬ ነው እንዲህ የሆንኩት?»

«ዛሬ አይደለም።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ግንቦት ላይ... ያ ጭስ ጊዜ። ሮዳስ የት ነበረች?»

ይህን ጥያቄ ሁለት ወር ሙሉ ስትፈራው ኖራለች። «አጠገብዎ ተኝታ። ክንድዎን ተንተርሳ።»

ዝናቡ አባርቶ ሰዎች መንገድ ላይ መተላለፍ ጀምረዋል። የአቶ ጀቤሳ ድምፅ የልጅ ሆኖ ነበር። «ሰልዋ፣ እስቲ እንደገና ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ።»

ሰልዋ አጠገባቸው በርከክ አለች። «ይሄኛው መብራት ሄዶ ሲመጣ እርስዎን ይጠብቃል፤ በእጅዎ ካልነኩት አይነሣም። ውኃው ደርቆ ድስቱ ባዶውን ቢግል ያውቅና ይዘጋል። ነበልባል ስለሌለው የልብስዎ ጫፍ አይያያዝም፤ ጭስም ስለሌለው ሕፃኗ አትታፈንም። ወጡ ከወረደ በኋላ መስታወቱ ላይ የሚቀረው የድስቱ ሙቀት ብቻ ነው፤ ከዚያኛው ቶሎ ይበርዳል። ችግሩን አልደብቅዎትም፤ መብራት ከሌለ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ዳቦ ትበላላችሁ። ድስትም ሌላ ያስፈልገዋል።»

«ድስቴ ይቅር» አሉ። «ልጅቷ ትትረፍልኝ እንጂ።»

ልጅ አባቷን በሰው ፊት እንዲህ ማጋለጥ ነበረባት ወይ? ሙሉአለም ያን የመለሰችውን እጇን እያስታወሰች እስከ ዛሬ ትጠይቃለች። የምታውቀው ግን፣ ለማሳፈር ፈርታ ዝም ያለችባቸው ሁለት ወራት ልጇን ሊያስከፍሏት እንደነበር ነው። በየቤታችን የሚረሳ ሽማግሌ አለ፤ እኛም በተራችን እንሆናለን። ያከበርናቸው እየመሰለን ከሚያቃጥል ነገር ጋር ብቻቸውን እንተዋቸዋለን። ዕቃውን በጊዜ መቀየር ሰውየውን ከቤት ከመላክ ይቀላል።

ያን ዕለት ማታ ተክሌ ጋር ደውላ ሁሉንም ነገረችው። እሱም «አባባ የትም አይሄዱም» አለ። ኢንዳክሽኑ ገላን ገባ። ጎረቤቷ አሰፋች፣ ሙሉአለም ከሥራ እስክትመለስ፣ ቀን ቀን ብቅ እያለች ታያቸዋለች። መስከረም ላይ አንድ ቀን መብራት ሄዶ መጣ፤ ሙሉአለም እየሮጠች ደርሳ በሩን ስትከፍት፣ ሽሮው ድስቱ ውስጥ ቀዝቅዞ፣ አያትና ልጅ ተኝተው አገኘቻቸው። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ከግንቦት ጀምሮ አፍና የያዘችውን ትንፋሽ ተነፈሰች። አሰፋችም ይህን አይታ የራሷን ስቶቭ ቀየረች።

ሰልዋ ያን ማግኔት ለአቶ ጀቤሳ ሰጥታቸው ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ አይለያቸውም። ጎረቤት ድስት ይዞ ሲመጣ «ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም» እያሉ ይመክራሉ። ምክራቸው ትክክል ነው፤ እሱን አልረሱም።

ታኅሣሥ ላይ ሙሉአለም ሽንኩርት ስትከትፍ፣ አባቷ መደርደሪያው ላይ ያለውን አሮጌ ድስት አወረዱት። ማግኔቱን አስጠጉት። ተንሸራቶ ወደቀ። ከወለል አንሥተው እንደገና ሞከሩ፤ ወደቀ። ማግኔቱን ኪሳቸው ከተው ድስቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡትና ከንፈሩን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት።

«ለዚህ ምድጃ አይሆንም» አሉ። «ግን ጥሩ ሥራ ነው። ውፍረቱን እይው፣ ዙሪያውን እኩል ነው። ሠሪው እጁ የታመነ ሰው ነው። ማን ነው?»

ሙሉአለም ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አባቴ ነው» አለች።

«ያኑርልሽ» አሉና ድስቱን በሁለት እጃቸው ይዘው መደርደሪያው ላይ መለሱት።