ቡሬ የለመደው የካርቱን ዘፈን

ልጄ ዘሃራ ለትምህርት ወልዲያ ከመሄዷ በፊት በሬያችንን ቡሬን ስታበላ የአንድ ካርቱን ፊልም ዘፈን በስልኳ ትከፍትለት ነበር። ያንኑ ዘፈን አንዴ ሕፃናት፣ አንዴ ሕንዶች፣ አንዴ ባለ ክራር ይዘፍኑታል። «አንዱን ዘፈን ስንቱ ነው የሚያላምጠው? ዝጊው» እላት ነበር። ዘንድሮ በአገራችን በግራና ዝናቡ ዘግይቶ ጣለ። እርጥቡ ሳይደርቅ ማሽላዬን ካልዘራሁ ዓመቱ ሄደ። ቡሬ ግን ገና ስጠምደው ተኛ፤ በጅራፍም አልነሳ አለ። አጠገቤ ማሳውን የሚያርሰው ጎረቤቴ ሰይድ «ልጅቱ ናፍቃው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ቢቸግረኝ ደወልኩላት።

«አባዬ፣ ያን ዘፈን ዝፈኑለት» አለችኝ።

«እኔ? ስልኩን ጆሮው ላይ ላድርግለትና አንቺ ዝፈኚ።»

«ስንቱ ዘፍኖታል፣ አንቱም ሞክሩት።»

ግጥሙን አላውቀውም። ዜማውን እንደ እርሻ እንጉርጉሮ አድርጌ ጀመርኩት። ቡሬ ጆሮውን አቁሞ አዳመጠኝና ተነሳ። ሰይድ የራሱን እርፍ ለቆ ያየኛል። እኔ እስከ ትልሙ ጫፍ ዘፈንኩ። ለካ ስልኩ ደረት ኪሴ ውስጥ አልተዘጋም።

«አባዬ፣ ከሰማሁት ሁሉ የአንቱ በለጠብኝ» አለች።

ልጄን አመስግኜ አላውቅም ነበር። «ዘንድሮ ያዘራሽኝ አንቺ ነሽ፣ አላህ ይውደድሽ» አልኳት። «በሉ ቡሬን ውሃ አጠጡልኝ» አለች። ምስጋና መሸሹን ከእኔ ነው የወረሰችው።